የሰንበቴ ጠላና የእንቅልፍ ኪኒን

እኛ አገር ጠጪ የሚባል ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። የሚጠጣ ሰው ግን ሞልቷል። ካላመናችሁ ከቆሰበር መናኸሪያ በላይ ካሉት ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ቁሙና ከንፈሩን በእጁ ጀርባ እየጠረገ የሚወጣውን ሰው «ይጠጣሉ እንዴ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ኧረ እኔ እቴ፣ የት አውቀው» ይላችኋል፣ አረፋው ገና ከጢሙ ላይ ሳይደርቅ። ዋሽቶ አይደለም። በእኛ ዘንድ ቢራ የሹፌር ጥም መቁረጫ ነው። ጠላ ምግብ ነው። ጠጅ የሠርግ ነው፣ ሠርግ ደግሞ ግዴታ ነው። መጠጥ ማለት አረቄ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ለብርድ ከተወሰደ መድኃኒት ይባላል። ቆሰበር ውስጥ ደግሞ የማይበርድበት ቀን እስካሁን አልገጠመኝም።

ብትስቁ አልከፋም። እኔ ግን በዚህ ነገር ለመሳቅ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል።

ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ከጥሊሊ ወደ ቆሰበር ያገባሁ ሰው ነኝ። ብዙ አላወራም። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» እያለች ስላሳደገችኝ ይሁን ወይም ከተፈጥሮዬ፣ ሰው ሲያወራ እኔ አያለሁ። ባሌ ሙሉቀን በቆሰበርና በዳንግላ መካከል ሚኒባስ ይነዳል፤ እሑድ እሑድ መንገደኛ ስለሚበዛ ቤት አይውልም። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ የምንውለው እኔ፣ ያን ጊዜ ገና መዳህ ያልጀመረችው ልጄ እንጉዳይ፣ እና አማቴ አባባ ይስማው ነበርን። ባጃጅ በከተማችን ገና መብዛት የጀመረበት ጊዜ ነው።

አባባ ይስማው የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ናቸው። ማታ እራታቸውን የማደርስላቸው እኔ ስለነበርሁ፣ ዘበኞቹ ሲረካከቡ ቆሜ የማየት ልማድ ነበረኝ። የቀኑ ዘበኛ አያ ደምለው ይባላሉ። ሁለቱ ለዓመታት አብረው የሠሩ፣ ክርስትና የተነሣሡ፣ በጨለማ በሳላቸው ድምፅ የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ሆኖም አንዱ ወደ በሩ ሲቀርብ ሌላው አፍንጫ ለአፍንጫ እየተያዩ እንኳ እንዲህ ይላል፦

«ማነው?»

«ተረኛ።»

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን።»

«ተረከብ እንግዲህ።»

ከዚያ ይቆጠራል። በር፣ ዝግ። ቁልፍ፣ ሁለት። ባትሪ፣ አንድ፣ ትሠራለች። ጆንያ፣ እንዳለ። አንዳንድ ቀን ደግሞ እህሉ ሳይሸጥለት የመሸበት ገበሬ ጆንያውን እዚያው ያሳድራል፤ ያን ጊዜ «አደራ አንድ፣ በስተግራ ጥግ» ይጨመራል። ሌላው ይሰማና «ተረክቤያለሁ» ይላል። ይህች ቃል እስክትወጣ የሚያስረክበው ሰው አይቀመጥም፣ ሰላምታ አይሰጥም፣ አያዛጋም። ቃሏ ስትወጣ ግን ትከሻው ዝቅ ይልና እንደ ማንኛውም ሰው ይሆናል። «እንዴት ዋልህ ታዲያ?» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ቀን አባባን፣ «እየተያዩ ማነው ምን ይባላል?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ዓይን ይሳሳታል» አሉኝ። «ቃል ግን ወይ ይታወቃል ወይ አይታወቅም።»

የሌሊት ዘበኛ የሚተኛው ቀን ነው። አባባም ለብዙ ዘመን ቀን እንደ ሕፃን ይተኙ ነበር፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግን እንቅልፍ ራቃቸው። ጠዋት ከመጋዘኑ ሲመለሱ አንድ መለኪያ አረቄ፣ ሳይይዛቸው ሲቀር ሁለተኛ፣ እያሉ ከረሙ። በኋላ ሙሉቀን ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው፤ የእንቅልፍ ኪኒን ታዘዘላቸው። መድኃኒት ቤት አብሬያቸው የሄድሁ እኔ ነበርሁ። ነጭ ጋዋን የለበሰችው ልጅ ፓኬቱን ከእጇ ሳትለቅ፣ «አባባ፣ ይህን እየወሰዱ መጠጥ የሚባል ነገር እንዳይነኩ። አደጋ አለው» አለቻቸው።

«እሺ ልጄ። ከዛሬ ጀምሮ እርም» አሉ።

ቃላቸውን ጠበቁ። የቀረውን አረቄ ከነጠርሙሱ ለጎረቤታችን ለእትየ ጥሩ ሰጧቸው። እትየ ጥሩም «ለእግሬ መታሻ ይሆናል» ብለው ተቀበሉ። መታሻው ሳምንት ሳይሞላ አለቀ፤ እግራቸው ግን እንደነበረ ነው። አባባ በአረቄ ቤቱ በኩል ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ማዶ አዙረው ያልፋሉ እየተባለ በሰፈሩ ተወራ። የመንደሩ ሚስቶች ለባሎቻቸው ምሳሌ አደረጓቸው። እንቅልፋቸውም ተመለሰ። ሰኞ ይተኛሉ፤ ማክሰኞ ይተኛሉ፤ እንደዚያ እያለ እስከ ቅዳሜ ይተኛሉ።

እሑድ ግን ሌላ ነገር ሆነ።

እሑድ ጠዋት አባባ ከመጋዘኑ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ቅዳሴ ሲያልቅ ከሰንበቴ ቤት ይቀመጣሉ፤ ተረኛው ያመጣው ዳቦና ጠላ በቄሱ ይባረካል፤ ይበላል፣ ይጠጣል። ከዚያ መጥተው ይተኛሉ። የመጀመሪያው እሑድ፣ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠብሁ፣ የቤቱ በር ተከፍቶ አባባ ሲወጡ አየሁ። ቀትር ነበር፤ ጉም ግን ከአጥሩ ቀርከሃ በላይ ያለውን ሁሉ ውጦት ነበር። የዘበኛ ካፖርታቸውን ለብሰዋል። ዱላቸውን ይዘዋል። ቤቱን በዝግታ ዞሩት፣ እንደገና ዞሩት፣ መስኮቱን ገፋ አድርገው ፈተሹት፣ ከዚያ መጥተው ከፊቴ ቆሙ። ዓይናቸው ተከፍቷል። ግን ሰዎቹ ሄደው በሩ ሳይዘጋ የተረሳ ቤት ይመስል ነበር።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ አባባ። ስንዱ።»

አሰብ አደረጉ። ከዚያ በጣም በረጋ ድምፅ፣ ለማያውቁት ሰው መንገድ እንደሚያሳዩ ሁሉ፣ «ስንዱ እዚህ የለችም። ሄዳለች» አሉኝ።

እጄን አየሁት። ሳሙና ነበረበት። እውነቱን ለመናገር ለትንሽ ጊዜ አምኛቸው ነበር።

ዘወር ብለው ገቡና ተኙ። ከሰዓት በኋላ ሲነሡ ፊታቸው የለሰለሰ፣ ዕድሜያቸው የቀነሰ ሰው ሆነው «ደኅና እንቅልፍ ተኛሁ» አሉኝ። ምንም አያውቁም። የሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ። በዚያኛው ያናገሩኝ በአገውኛ ነው፤ የተወለዱባት መንደር አፍ ነው። እኔ ከሰላምታ አልፌ አልሰማውም። የሚያናግሩት ግን እኔን አይመስልም፤ ከጀርባዬ ያለ ሰው ነው። አልዞርሁም። እናንተ ብትሆኑ ትዞሩ ይሆናል።

ለእትየ ጥሩ ነገርኋቸው። ቡና ቁርስ ይዘው እንደመጡ ተቀመጡ፣ ጣታቸውን ላሱ፣ ፈረዱ።

«እሑድ እሑድ ብቻ?»

«እሑድ ብቻ።»

«በቃ፣ ሟቿ ናት። እሷ ሰንበትን አጥባቂ ነበረች። ባሏን ልታይ ትመጣለች።»

«ለምን ቤት ታስጠብቃቸዋለች ታዲያ?»

«እኔ ልጠይቅልሽ?» አሉና ተቆጡ።

ወሬ ከእትየ ጥሩ ደጃፍ እስከ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ሚኒባስ አያስፈልገውም። ሰንበቴተኞቹ ሰሙ፤ አዘኑ። የሰንበቴው አለቃ፣ ሙሴ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ «ወንድማችን ታሟልና በጸሎት እናስበው» አሉ። ጸሎት ተደረገ። ለምሕረቱ ተብሎ ደግሞ ለአባባ ከእንግዲህ አንድ ዋንጫ እንዲጨመርላቸው ተወሰነ። የተባረከ ዋንጫ አይመለስም፤ ጠብታም አይተርፍበትም። አባባ ይህን ሲያወሩልኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። አክለውም ኪኒናቸውን ከዚያው ከዋንጫው ጋር እንደሚውጡት ነገሩኝ። ቤት እስኪደርሱ እንዲጀምራቸው ነው። «በጠበል የወረደ መድኃኒት ይረጋል» አሉኝ።

ቀጥሎ የመጣው እሑድ የነሐሴ ነበር። ጉሙ በሩ ድረስ መጥቶ የተቀመጠበት ቀን። አባባ መጥተው ተኙ። እንጉዳይን አጥብቼ ከመኝታዋ አስተኛኋት። ጠፍታ የሰነበተች የቦኖ ውሃ መጣች ሲባል ጀሪካኔን አንሥቼ ወጣሁ፤ ቦኖው ከአጥራችን ጥግ ነው፣ ልጅ ብታለቅስ ይሰማል። ምንም አልሰማሁም።

ስመለስ አባባ ከበሩ ፊት ቆመዋል። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ በገመድ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ማነው?»

«አባባ፣ ልጅቷ ውስጥ ናት። ይክፈቱልኝ።»

በአገውኛ አንድ ነገር አሉ። ዱላውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዞሩ። ጀሪካኑን አስቀምጬ በቤቱ ጎን ዞርሁና ምርጉ በወደቀበት ስንጥቅ ወደ ውስጥ አየሁ። መኝታው ይታያል። ብርድ ልብሱ ተገልጧል። እንጉዳይ የለችም። የምታቀፍበት ጋቢም የለም።

ጆሮዬን ከግድግዳው ላይ አደረግሁ። ልጅ ያለበት ቤት ዝም ሲል እንኳ ድምፅ አለው። የእኛ ቤት ግን አልነበረውም።

እትየ ጥሩን ጠራኋቸው። ሲያዩ ወገባቸውን ያዙ። «ወሰደቻት» አሉ። «ሟቿ ናት፣ ወሰደቻት።»

«እትየ፣ ዝም ይበሉልኝ።»

«ቁልፉን ከአንገቱ ሳቢበት እንግዲህ፤ ወይ ቀዝቃዛ ውሃ ድፊበት።»

ጀሪካኑን አንሥቼ ቀረብሁ። ዱላው ተነሣ። አባባ በወጣትነታቸው በዚያ ዱላ አንድ ሌባ እንዴት እንዳደረጉት በሰፈሩ የማያውቅ የለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ እኚህ ሰው ደግሞ በዚያች ሰዓት ባለቤትም አጥርም ነበሩ። ጀሪካኑን መልሼ አስቀመጥሁ። ለሙሉቀን ደወልሁ፤ ኔትወርክ የለም።

ልጄን የት እንዳደረጓት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ተኝቷል። የተኛን ሰው ምን ብለው ይጠይቁታል? በስሜ ስናገር «የለችም» ብለውኛል። በልመና ስናገር በማላውቀው አፍ መለሱልኝ። ካፖርታቸውን አየሁት። ቁልፉን አየሁት። ከበሩ ፈቀቅ የማይሉትን እግራቸውን አየሁት። እኚህ ሰው ያልተቀመጡት የሚረከባቸው ሰው ስላልመጣ ነው።

ወደ ግቢው መውጫ ሄድሁ። ከጉሙ ውስጥ ተመልሼ፣ አያ ደምለው እንደሚያደርጉት ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ መጣሁ።

«ማነው?»

«ተረኛ» አልሁ።

አንገታቸው ቀና አለ። አገውኛው ጠፋ። «ብቻህን ነህ?»

እትየ ጥሩን በእጄ ወደ ኋላ ገፋኋቸው። «ብቻዬን።»

«ተረከብ እንግዲህ።» ዱላውን ከግድግዳው አስደገፉት። «በር፣ ዝግ።»

በሩን አይቼ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ቁልፍ፣ አንድ።» ገመዱን ከአንገታቸው አወጡና ዘረጉልኝ። እጄ ቁልፉን ነጥቆ ሊሮጥ ፈለገ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ብፈስስ የሚለቅመኝ አልነበረም። ቀስ ብዬ ተቀበልሁ።

«መስኮት፣ ዝግ። ጆንያ፣ እንዳለ።» ቤታችን ጆንያ የለም። «አደራ አንድ...»

ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል አይወጣም። ጉሙ በመካከላችን ያልፋል። ረስተውታል ብዬ አሰብሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ዝምታ የረዘመ ነገር አላየሁም፣ ምጥን ጨምሮ።

«አደራ አንድ» አሉ እንደገና። «ጎታ ውስጥ። አይጥ እንዳይነካት፣ ተከድናለች።»

ጎታውን ባለቤታቸው ናቸው የሠሩት፤ በጭቃና በጭድ፣ ቁመቱ እስከ ደረቴ። እህሉ ካለቀ ሰንብቶ ስለነበር ባዶውን ከጓዳ ቆሞ ነበር። ልሮጥ ፈለግሁ፤ ግን አባባ ከበሩ አልተነሡም፤ እየጠበቁኝ ነበር። ቃሏ ሁለት ቦታ ተሰብራ ወጣች።

«ተረክቤያለሁ።»

ትከሻቸው ዝቅ አለ። አዛጉ። «እንዴት ዋልህ ታዲያ?» አሉኝና መልስ ሳይጠብቁ ከደጃፉ መደብ ላይ ተጋደሙ።

የጎታውን ክዳን እንዴት እንዳነሣሁት አላውቅም። ክዳኑ በአንድ በኩል ተሸርፎ ስለነበር አየር ነበረው፤ ይህን ያየሁት በኋላ ነው። እንጉዳይ ከታች በጋቢዋ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። የእህል አቧራ ከሽፋሽፍቷ ላይ አለ። የተኛች መስሎኝ ነበር። ዓይኗ ግን ክፍት ነበር፤ ከዚያ ጨለማ ውስጥ ሽቅብ ዝም ብላ ታየኛለች። አላለቀሰችም። የጋቢውን ጫፍ እየላሰች ነበር። ሳወጣት ያለቀሱት እትየ ጥሩ ናቸው።

ሰኞ ጠዋት መድኃኒት ቤት ሄድን። ሙሉቀንም አብሮን ነበር፤ አባቱን ቀና ብሎ አያይም። ነጭ ጋዋን የለበሰችው ልጅ ተኝተው እንደሚሄዱ ሰምታ ጠየቀች።

«አባባ፣ መጠጥ ወስደዋል?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ትንሽም?»

«ልጄ፣ ብዙ ሰው ምስክር አለኝ።»

እኔ ከኋላ እንጉዳይን አዝዬ ቆሜያለሁ። ብዙ አላወራም ብያችኋለሁ። «ሰንበቴ» አልሁ።

«ሰንበቴ ላይ ምን ይጠጣል?» አለች ልጅቷ።

«ጠበል» አሉ አባባ።

«ጠላ» አልሁ።

አማቴ ዘወር ብለው አዩኝ። ቤታቸው ከገባሁ እንዲህ አይተውኝ አያውቁም። «ተባርኮ!» አሉ።

ልጅቷ አልሳቀችም፤ እግዜር ይስጣት። «አባባ፣ እኔም የሰንበቴ ዳቦ የበላሁ ሰው ነኝ። ኪኒኑ ግን የተባረከውን ካልተባረከው አይለይም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው እርስዎ ተኝተው የሚሄዱት። ከዚህ የባሰም ያመጣል፤ ትንፋሽ ያቆማል። አሁን ሐኪሙ ዘንድ ይመለሱ፣ ይንገሩት።»

«ታዲያ ያልተጠመቀው ኪኒኑ ነው» አሉ አባባ። ግን ሄዱ፤ ለሐኪሙም እንደ ንስሐ ሁሉንም ተናገሩ።

ቤት ስንመለስ እትየ ጥሩ ቀድመው ጠበቁን። እኔ ያልነገርኋቸውን፣ ስለ ጎታው፣ ለአባባ የነገሯቸው እሳቸው ናቸው። አባባ ሰሙ። ወደ ጓዳ ገቡ። ትንሽ ቆይቶ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማን። ባለቤታቸው በእጃቸው የለሰኑትን፣ የጣታቸው ምልክት ያለበትን ጎታ ሰባብረው፣ ስብርባሪውን በአካፋ እያወጡ ከአጥሩ ሥር ደፉት። ማንም አልተናገራቸውም። ዝናቡ ቀስ በቀስ መልሶ አፈር አደረገው።

ሰንበቴው ላይ ሙሴው ጉዳዩን ሰምተው ረጅም ጊዜ አሰቡና አባባ ዋንጫውን እንዲሳለሙ እንጂ እንዳይጠጡ፣ ዳቦው ግን እንዲጨመርላቸው ፈረዱ። ደግ ፍርድ ነው። በማግሥቱ ራሳቸው ሙሴው ደጃፌ መጥተው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ «ስንዱ ልጄ፣ ይህ የደም ግፊቱስ ኪኒን?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ መጣ። ከዚያ ሌላ። ለካ ሰንበቴው ሁሉ በኪሱ ፓኬት ይዞ ነው የሚባረከው። ሁሉንም ወደ መድኃኒት ቤቷ ልጅ ሰደድኋቸው። ከመካከላቸው ጠጪ የተባለ አንድም ሰው አልነበረም።

አባባ ከዚያ ወዲህ በእንቅልፋቸው ተነሥተው አልሄዱም። እሑድ ተኝተው ይውላሉ። እኔ ነኝ የማልተኛው፤ ቀትር ላይ ጆሮዬ ብቻውን ይነሣል።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ባለፈው አንድ እሑድ፣ ሙሉቀን ሚኒባሱ ተበላሽቶበት ቀትር ላይ ወደ ቤት መጣ። ይህን እሱ ነው የነገረኝ፤ እኔ የማስታውሰው ከእንጉዳይ ጎን ጋደም ማለቴን ብቻ ነው። ጠላም ኪኒንም አልቀመስሁም። በሩ ላይ ቆሜ አገኘኝ፤ ዓይኔ ክፍት ነው፤ በእጄ የእሳት መቆስቆሻውን እንጨት ይዣለሁ።

«ማነው?» አልሁት አለኝ።

«እኔ ነኛ፣ ሙሉቀን» ብሎ ሳቀ።

«ሙሉቀን እዚህ የለም» አልሁት። «ሄዷል።»

ሳቁ ቆመ። ቢለምነኝም፣ ስሜን ቢጠራም፣ አላሳልፍ ብዬው ዝናቡ ሲወርድበት ቆየ። በመጨረሻ አባባ ድምፁን ሰምተው ከመኝታቸው ወጡ፤ አዩኝ፤ ልጃቸውን «ዝም በል» አሉት። በጎኔ ወጥተው ከግቢው መውጫ ዞሩና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ተረኛ» ብለው መጡ፤ አስረከብኋቸው። ተመልሼ ተኛሁ።

ሲመሽ አባባን ብቻቸውን አገኘኋቸውና ምን እንዳልሁ ጠየቅኋቸው።

«ደኅና አድርገሽ ነው ያስረከብሽኝ» አሉኝ። «በር አልሽ። ቁልፍ አልሽ። ባትሪ ሳይቀር ቆጠርሽ። ከዚያ 'አደራ አንድ' አልሽና ቆምሽ። 'እሷን አላስረክብም' አልሽ።»

«እርስዎ ምን አሉ ታዲያ?»

አባባ ካፖርታቸውን ለበሱ፤ ሥራ ሰዓታቸው ደርሶ ነበር። ዱላቸውን አነሡ።

«ምን እላለሁ» አሉ። «የቀረውን ተረክቤያለሁ አልሁሽ።»